የማይታወቅ የእጅ መሣሪያን መለየት

የማይታወቅ የእጅ መሣሪያን መለየት ማለት ስሙና አገልግሎቱ የተረሳ አሮጌ መሣሪያ ሲገኝ ከምን እንደ ተሠራ፣ እንዴት ይያዝ እንደ ነበርና ለምን ሥራ ይውል እንደ ነበር መርምሮ ማወቅ ነው። የአርኪዎሎጂና የቤተ መዘክር ባለሙያዎች የዘወትር ሥራ ቢሆንም፣ በጓዳ የቆየ ብረት ወይም በማሳ ላይ የወጣ ድንጋይ ያጋጠመው ሰው ሁሉ ሊከተለው ይችላል። የመሣሪያ ቅርጽ ብቻውን ብዙ ጊዜ ያሳስታል። በላዩ የቀረው የሥራ ምልክትና በዚያ ዓይነት መሣሪያ የሠራ ሰው ቃል ግን የበለጠ ያስረዳሉ።

ቅርጽ የሚያሳስትበት ምክንያት

በአውሮፓ በማሳ ላይ የሚገኙ የድንጋይ መጥረቢያዎች ለብዙ ዘመናት ከመብረቅ ጋር ከሰማይ የወረዱ ናቸው ይባል ነበር። በ16ኛው መቶ ዘመን የኖረው ጣሊያናዊው ሐኪም ሚኬሌ መርካቲ እንዲህ ያሉ ድንጋዮች ብረት ከመታወቁ በፊት የነበሩ ሰዎች የሠሯቸው መሆናቸውን ጻፈ፤ መጽሐፉ ግን የታተመው ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ በ1717 እ.ኤ.አ. ነው። በ1797 እ.ኤ.አ. ደግሞ እንግሊዛዊው ጆን ፍሬር ሆክስን በተባለ ቦታ ከመሬት በታች የተገኙ ሹል ድንጋዮችን በደብዳቤ ገልጾ የሰው እጅ ሥራ መሆናቸውን አስታወቀ። በዚህ ልክ ነበር። የጦር መሣሪያ መስለውት ነበር እንጂ፣ ዛሬ «የእጅ መጥረቢያ» የሚባሉት እነዚህ ድንጋዮች በተለይ ሥጋ ለመበለትና ለመሰል ሥራዎች ያገለግሉ እንደ ነበር ይታመናል።

ተመሳሳይ ስሕተት በጥንታዊዎቹ የድንጋይ መሣሪያዎችም ላይ ደርሷል። በአፋር ክልል በጎና የተገኙት መሣሪያዎች 2.6 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ አላቸው። በዚህ ዓይነት ቦታዎች ትልልቅ የተፈለጡ ድንጋዮችና ትንንሽ ስንጣሪዎች አብረው ይገኛሉ። ተመራማሪዎች ለረጅም ጊዜ ትልቁን ድንጋይ መሣሪያ፣ ስንጣሪውን ደግሞ የሥራው ትርፍራፊ አድርገው ይቆጥሩ ነበር። በኋላ ራሳቸው ድንጋይ እየፈለጡ ሲሞክሩ ስለታም የሆነው ስንጣሪ ዋነኛው መቁረጫ ሊሆን እንደሚችል፣ ትልቁም ድንጋይ ብዙ ጊዜ ስንጣሪ የተላጠበት እናት ድንጋይ እንደ ነበር ተረዱ።

የሚመረመሩ ምልክቶች

መሣሪያው ከመታጠቡና ዝገቱ ከመፋቁ በፊት የሚከተሉት ነገሮች ይታያሉ።

- የተበላው ክፍል፦ የሚሠራበት ጎን ከሌላው ይልቅ ያልቃል፣ ይሸረፋል ወይም ይለሰልሳል። ማጭድ በውስጠኛው ጎኑ ይበላል፤ መሮ ደግሞ በስለቱ በኩል ሲያልቅ በመዶሻ የሚመታው አናቱ ይደነቁላል።
- አያያዙ፦ እጅ ዘወትር የሚያርፍበት እንጨት ወይም ቀንድ ይወለውላል። እጀታው ከጠፋ ጉሮሮው ወይም የሚሰካው ጫፍ እጀታው በየት በኩል እንደ ነበር ያመለክታል።
- አሠራሩ፦ ቀጥቃጭ የሠራው ብረት የመዶሻ ምት ይታይበታል፣ ውፍረቱም ወጥ አይደለም። ከፋብሪካ የወጣ ከሆነ የቅርጽ ማውጫ መስመር፣ ቁጥር ወይም ማኅተም ሊኖረው ይችላል።
- ጓደኛው፦ ብዙ መሣሪያዎች ጥንድ ናቸው። መጅ ያለ ወፍጮ፣ ዘነዘናም ያለ ሙቀጫ አይሠሩም። ጥጥ ከፍሬው የሚለይበት መዳመጫ ከነድንጋዩ ካልታየ ተራ የብረት ዘንግ ይመስላል። የእንዝርት ዘንግ በስብሶ ክብ ክብደቱ ብቻ ሲቀር ዶቃ ሊመስል ይችላል፤ ሲሾር እንዳይዋልል ቀዳዳው መሐሉ ላይ መሆኑ ግን ሥራውን ይጠቁማል።
- የተገኘበት ቦታ፦ ከአውድማ፣ ከምድጃ ዳር ወይም ከቀጥቃጭ ወናፍ አጠገብ መገኘቱ ብቻውን የግማሹን ያህል መልስ ይሰጣል።

በማጉያ መሣሪያ መመርመር

ሶቪየታዊው ተመራማሪ ሰርጌይ ሴሜኖቭ በ1957 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ በድንጋይና በአጥንት መሣሪያዎች ላይ የሚቀሩ ጭረቶችና ልስላሴዎች በማይክሮስኮፕ ሲታዩ የተሠራውን ሥራ እንደሚገልጡ አሳየ። መጽሐፉ በ1964 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ከወጣ በኋላ ዘዴው በዓለም ተስፋፋ። ተመራማሪው የመሣሪያውን አምሳያ ሠርቶ ቆዳ ይፍቅበታል፣ እንጨት ይልግበታል ወይም እህል ያጭድበታል፤ ከዚያ በኋላ የሁለቱን ስለቶች ያነጻጽራል። እህል ወይም ሣር የታጨደበት የድንጋይ ስለት ያበራል፤ ደረቅ ቆዳ የተፋቀበት ግን ጠርዙ ክብ ይሆናል፣ ልስላሴውም ደብዛዛ ነው።

የኢትዮጵያ ቆዳ ፋቂዎች ምስክርነት

በደቡብ ኢትዮጵያ በኮንሶ፣ በጋሞ፣ በሲዳማ፣ በጉራጌና በሌሎችም አካባቢዎች በድንጋይ ቆዳ የሚፍቁ ባለእጆች እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ነበሩ። ባልጩት ወይም ሌላ ጠንካራ ድንጋይ ፈልጠው፣ በእንጨት እጀታ ላይ ብዙውን ጊዜ በሙጫ አጣብቀው ይሠሩበታል። ከ20ኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ጀምሮ ሥራቸውን በቅርብ የተከታተሉ ተመራማሪዎች ከመሬት የሚወጡ የጥንት መፋቂያዎችን በተመለከተ የነበራቸውን ብዙ ግምት ለማረም ተገደዋል።

አንደኛው መጠንን ይመለከታል። ድንጋዩ አንድ ቆዳ እስኪያልቅ ድረስ ደጋግሞ ይሳላል፤ በተሳለ ቁጥር ያጥራል፣ የጠርዙም ቅርጽ ይለወጣል። ስለዚህ አንዱ ረጅም ሌላው አጭር ስለሆኑ ሁለት ዓይነት መሣሪያ የሚመስሉ ድንጋዮች፣ አንድ መሣሪያ በአዲስነቱና በመጨረሻው ሊሆኑ ይችላሉ። ሁለተኛው በአንዳንድ መፋቂያዎች ጠርዝ ላይ የሚታየውን ሹል ጫፍ ይመለከታል። ለልዩ ሥራ ታስቦ የወጣ ይመስል ነበር፤ በጋሞ ግን እንዲህ ያለው ሹል ብዙውን ጊዜ ያልለመደ ወይም አቅሙ የደከመ ሰው ሲስል ሳይፈልግ የሚተወው ሆኖ ተገኝቷል። ቆዳውን ስለሚቀድ ጥሩ ባለሙያ አይፈልገውም። ሦስተኛው የሠሪውን ማንነት ይመለከታል። የድንጋይ መሣሪያ መሥራት የወንድ ሥራ እንደሆነ በሰፊው ይታሰብ ነበር። በኮንሶ ግን ድንጋዩን የሚመርጡት፣ የሚፈልጡትና ቆዳውን የሚፍቁት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው።

ይህ ዕውቀት የተገኘው ኅብረተሰቡ ለረጅም ጊዜ ዝቅ አድርጎ ካያቸው ሰዎች ነው። «ፋቂ» የሚለው ቃል ራሱ ፋቀ ከሚለው ግሥ የወጣ የሙያ ስም ሆኖ ሳለ ለስድብ ውሏል። ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪና ሸማኔም በየቦታው ተመሳሳይ ንቀት ደርሶባቸዋል። የፋብሪካ ልብስና ምንጣፍ የቆዳን ቦታ ሲይዝ፣ የብረት ስለትም ድንጋዩን ሲተካ ሙያውን የሚማሩ ልጆች ቁጥር እየቀነሰ መጥቷል። የመጨረሻዎቹ ባለሙያዎች ሳይጠየቁ ካለፉ መሣሪያው በቤተ መዘክር ሊቀመጥ ይችላል፤ አሳሳሉንና አያያዙን የሚያስረዳ ሰው ግን አይገኝም።

ጥንቃቄ

ያልታወቀ መሣሪያን መሞረድ፣ ማጋል፣ መቀባት ወይም አዲስ እጀታ ማግባት ምልክቱን ያጠፋል። ፎቶግራፍ ሲነሣ መጠኑ እንዲታወቅ ማስመሪያ አጠገቡ ይቀመጣል፤ ሁለቱም ገጾቹና ጠርዞቹ ይነሣሉ። ርዝመቱ፣ ክብደቱ፣ የተገኘበት ቦታና አብረውት የነበሩት ነገሮች ይጻፋሉ።

አዛውንት ሲጠየቁ «ይህ ማጭድ ነው ወይ?» ብሎ ስም ከማቅረብ «በምን ይያዛል? ምን ይሠሩበት ነበር?» ማለት ይሻላል። መሣሪያውን በእጃቸው ሲይዙ የሚያሳዩት እንቅስቃሴ ብዙ ጊዜ ከስሙ የበለጠ ይናገራል። ስሙም እንደየአካባቢው ስለሚለያይ ከነቦታው ይመዘገባል።

በኢትዮጵያ በቁፋሮ ወይም በእርሻ ወቅት በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስ በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ለሚመለከተው አካል መነገር አለበት። ቦታው ሳይመዘገብ ከመሬት የወጣ መሣሪያ በኋላ በባለሙያ ቢታይም፣ የዕድሜውና የአገልግሎቱ ማስረጃ አብዛኛው ከአፈሩ ጋር ይቀራል።