ድርብ ፊደል በጠገራ ብርና በምኒልክ ብር ላይ፦ ዳግም ምት ወይስ የማተሚያ ብረት ጉዳት?

በአዊ ዞን፣ እንደ ሌላው የጎጃም ምድር ሁሉ፣ የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ለረጅም ዘመን መገበያያ ሆኖ አገልግሏል። በ1933 ዓ.ም. ጣልያንን ለማስወጣት በጎጃም በኩል በተካሄደው ዘመቻም ክፍያ የሚፈጸመው በዚሁ ብር ነበር። ሳንቲሙ ንግሥቲቱ ከሞተችበት ከ1780 እ.ኤ.አ. በኋላ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በቦምቤይና በሌሎችም ከተሞች ቢታተምም፣ ሁልጊዜ ያንኑ ዓመትና «ኤስ. ኤፍ.» የሚሉትን ፊደላት ይይዛል። ስለዚህ መነሻውን የሚጠቁሙት ጥቃቅን የቅርጽ ልዩነቶች ናቸው። ጉዳትን እንደ ምልክት ያነበበ ተመራማሪ የሳንቲሙን መነሻ ይስታል፤ በዚያ ላይ የሚገነባው የንግድ ታሪክም የተሳሳተ ይሆናል።

በቀድሞው አሠራር የማተሚያ ቤት ምልክት በማተሚያው ብረት ላይ በመምቻና በመዶሻ ይቀረጽ ነበር። የመጀመሪያው ምት ሲደበዝዝ ወይም ሲዛነፍ ባለሙያው ይደግመዋል፤ በዚህ ጊዜ የሁለቱም ምቶች ቅርጽ በሳንቲሙ ላይ ይወጣል። ጉዳት ግን ብረቱ ሲሰነጠቅ ወይም ሲሸረፍ የሚከሰት ነው።

ለምሳሌ በፓሪስ የታተመው የ1887 ዓ.ም. የምኒልክ ብር የማተሚያ ቤቱን ምልክት፣ የላቲኑን «ኤ» ፊደል ይዟል። ከፊደሉ እግር አጠገብ ተመሳሳይ ውፍረትና የራሱ መርገጫ ያለው ሌላ እግር ከታየ ዳግም ምትን ያመለክታል። ከፊደሉ አልፎ በሜዳው ላይ የሚጠማዘዝ ከፍ ያለ መስመር ስንጥቅ ነው። በፊደሉ ውስጥ ያለው ሦስት ማዕዘን ክፍተት ቅርጽ በሌለው እብጠት ከተሞላ መሸረፍ ነው። በምት ጊዜ ብረቱ ሲንሸራተት የሚፈጠረው ድርብነት ደግሞ ጠፍጣፋና እንደ ደረጃ ዝቅ ያለ ሲሆን የፊደሉን ስፋት ይቀንሳል። ወደ ውስጥ የገባ ጭረት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከኅትመት በኋላ የደረሰ ነው።

አንድ ገጽታ በብዙ ሳንቲሞች ላይ መደጋገሙ ብቻውን ዳግም ምትን አያረጋግጥም፤ ስንጥቅም ይደጋገማልና። ስንጥቅ ከሳንቲም ወደ ሳንቲም እየረዘመ ይሄዳል፤ ዳግም ምት ግን ቅርጹን ሳይለውጥ፣ ብረቱ ሲያረጅ እየደበዘዘ ይሄዳል።

በመሆኑም በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ ከቤተሰብ እጅ የሚገኝ ሳንቲም ከመመርመሩ በፊት መወልወል የለበትም። ለአንገት ጌጥ ቀለበት የተበየደበት ከሆነም ብየዳው የሳንቲሙን ክብደት ስለሚለውጥና በዙሪያው ያለውን ቅርጽ ስለሚያበላሽ በመዝገብ መጠቀስ አለበት። ብርሃን ከሁለት አቅጣጫ እየበራ የሚነሳ ፎቶግራፍ እብጠትን ከጭረት ይለያል፤ የተወለወለ ፊደል ግን የትኛውም ብርሃን አይመልሰውም።