የመጀመሪያውን ክራር በገዛ እጅ

ደቻቱ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ውሃ የማይታይበት ወንዝ ነው፡፡ ድሬዳዋን ከዚራና መጋላ ብሎ ለሁለት የሚከፍለው ይህ የአሸዋ መንገድ ደጋው ላይ ዝናብ ሲጥል ግን በደቂቃዎች ውስጥ ይሞላል፡፡ በሐምሌ ወር 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሎ የብዙ ቤተሰብ ኑሮ ጠራርጎ ወስዷል፡፡ ከእኛ ቤት ከሄዱት ዕቃዎች አንዱ የአባቴ ክራር ነበር፡፡ ጎረቤት በሞተበት ስለ ክራር ማውራት ነውር ስለመሰለን ለዓመታት ስሙን አንስተነው አናውቅም፡፡ አምና ግን አባቴ ራሱ አነሳው፡፡ “አቦ፣ ጣቴ ሳይደርቅ አንድ ክራር ፈልግልኝ” አለኝ፡፡

ፈለግሁ፡፡ ያገኘኋቸው ግን ግድግዳ ላይ ለመሰቀል የተሠሩ ነበሩ፤ ሲነኳቸው ድምፃቸው ካርቶን እንደመምታት ነው፡፡ እናም በሕይወቴ ከመጽሐፍ መደርደሪያ በቀር ምንም ሠርቼ የማላውቀው ሰውዬ ክራር ልሠራ ተነሳሁ፡፡

ለጀማሪ ከክራር የተሻለ የክር መሣሪያ ያለ አይመስለኝም፡፡ በእኛ ከተማ ኡድም የቆየ ዘመድ ነው፤ እዚሁ ድሬዳዋ ተወልዶ በ2015 ዓ.ም. ያረፈው ዓሊ ቢራም ኡድ ተጫዋች ነበር፡፡ ነገር ግን የኡድ ጀርባ በሙቀት ከታጠፉ ስስ የእንጨት ፍልጦች እየተጣበቀ የሚሠራ በመሆኑ የመጀመሪያ ሥራ ሊሆን አይችልም፡፡ ክራር ግን ድምፅ የሚያጎላ ገበቴ፣ ከገበቴው ወጥተው ወደ ላይ እየተራራቁ የሚሄዱ ሁለት ቋሚዎች፣ እነሱን ከላይ የሚያያይዝ ቀንበርና ከገበቴው ግርጌ ተነስተው ብርኩማውን ረግጠው ቀንበሩ ላይ የሚጠመጠሙ ክሮች ናቸው፡፡ ክሮቹ አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ናቸው፤ አምስት ያላቸውም አሉ፡፡

ገበቴው ከእንጨት ይቦረቦራል፤ ዋንዛ ቀላልና ለመሮ የሚመች ስለሆነ ለዚህ ሥራ ተመራጭ ነው፡፡ መቦርቦር ለማይችል እንደ እኔ ላለ ሰው ግን ጎድጓዳ የብረት ሳህን ይበቃል፡፡ ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ በአገራችን የሳህን ክራር የተለመደ ነው፡፡ እኔ ከቀፊራ ገበያ አፉ 28 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሳህን ገዛሁ፡፡ ቋሚዎቹን 70፣ ቀንበሩን 45 ሴንቲ ሜትር አድርጌ ቆረጥኩ፡፡ ልኩ ሃይማኖት አይደለም፤ ዋናው ሁለቱ ቋሚዎች እኩል መሆናቸው ነው፡፡

ይህን ያለ ምክንያት አላልኩም፡፡ የተወጠረ ክር ቀንበሩን ወደ ገበቴው ይስበዋል፤ ያ ጉልበት በቋሚዎቹ በኩል ወርዶ የገበቴው ጠርዝ ላይ ያርፋል፡፡ ምን ያህል ጉልበት ነው? ውፍረቱ 0.7 ሚሊ ሜትር፣ የሚርገበገበው ርዝመቱ 50 ሴንቲ ሜትር የሆነ የናይለን ክር በሰከንድ 220 ጊዜ እንዲርገበገብ ሁለት ኪሎ ያህል ክብደት ቢንጠለጠልበት የሚኖረውን ውጥረት ይፈልጋል፡፡ ስድስቱ ሁሉ እንዲያ ቢወጠሩ 13 ኪሎ ገደማ ይሆናል ማለት ነው፡፡ በዚያው ውፍረት የብረት ሽቦ ብናስር ብረት ከናይለን ሰባት እጥፍ ያህል ስለሚከብድ ለዚያው ድምፅ ሰባት እጥፍ ውጥረት ያስፈልጋል፤ ድምሩ 90 ኪሎ ሊደርስ ነው! ሽቦ የሚያስሩ ሰዎች በጣም ቀጭኑን የሚመርጡት ለዚህ ነው፡፡ ለመጀመሪያ ክራር ግን የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ይሻላል ባይ ነኝ፤ እንጨቱም ቆዳውም ስህተትዎን ይታገሱልዎታል፡፡ ቀድሞ ክሩ ከጅማትና ከአንጀት ነበር የሚሠራው፡፡

የእኔ አንደኛው ቋሚ በአንድ ጣት ያህል አጥሮ ነበር፡፡ ቀንበሩ ተጣመመና አንዱን ክር ስወጥር ሌላው ይረግብ ጀመር፡፡ ፈትቼ እንደገና ቆረጥኩ፡፡

ትልቁ ፈተና ቆዳው ነው፡፡ ጥሬ የፍየል ቆዳ አንድ ቀን ውሃ ውስጥ ይነከርና ፀጉሩ ይፋቃል፡፡ ከዚያ እርጥብ እንዳለ ሳህኑ አፍ ላይ ተዘርግቶ፣ ጠርዙ እየተበሳ፣ ከሳህኑ ጀርባ በጠፍር ወዲያና ወዲህ ይጠለፋል፡፡ ቋሚዎቹ በቆዳው ላይ በተበሱ ሁለት ቀዳዳዎች ገብተው ጠርዙን ይረግጣሉ፡፡ ቆዳ ሲደርቅ ስለሚኮማተር ራሱን በራሱ ይወጥራል፤ በእጅ ከሚገባው በላይ መሳብ አያስፈልግም፡፡ እኔ ይህን አላወቅሁም፡፡ ባለ በሌለ ኃይሌ ስቤ እኩለ ቀን ላይ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፡፡ የድሬን ፀሐይ የሚያውቅ ያውቃታል፡፡ ከሰዓት ስመለስ ቆዳው ጠርዝ ጠርዙን ተሰንጥቋል፡፡ በባቡር ጥገና ሥራ ያረጀ አንድ ጎረቤታችን አይቶ “ቆዳን እንደ ቋንጣ ታሰጣለህ እንዴ?” ብሎ ሳቀብኝ፡፡ “አንተስ ቀድመህ አትነግረኝም ነበር?” አልኩት፡፡ (እዚህ አንቱታ ብዙ ቦታ የለውም፤ ሰባ ያለፈውንም ሰው አንተ ነው የምንለው፤ የሚቀየምም የለም፡፡) ሁለተኛውን ቆዳ በእሱ ምክር ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በማያገኘው ቦታ ሦስት ቀን አደረቅነው፡፡ ሲያንኳኩት እንደ ከበሮ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ፡፡

ብርኩማውን ቆዳው መሃል ላይ አያድርጉት፡፡ ከመሃል ወደ ግርጌ ዝቅ አድርገው አንድ ክር ብቻ ይሰሩና እየገፉ ያዳምጡ፤ ድምፁ የሚከፈትበትን ቦታ ጆሮዎ ይነግርዎታል፡፡ ማጣበቂያ አያስፈልገውም፣ ክሮቹ ይይዙታል፡፡ መቃኛዎቹ እንደ ወይራ ካለ ጠንካራ እንጨት ቢሆኑ መልካም ነው፤ ወደ ጫፋቸው እየቀጠኑ ይሞረዱና ቀዳዳቸውም በዚያው ልክ ይሰፋል፡፡ አንዳንዶች የጊታር መቃኛ ይገጥማሉ፤ አልነቅፍም፡፡

ክሮቹ ከታሰሩ በኋላ አንዱን ብቻ እስከ ላይ አይወጥሩ፤ ስድስቱንም ዝቅ ባለ ድምፅ አስማምተው ቀስ በቀስ አብረው ያውጧቸው፡፡ ናይለን ለቀናት ስለሚለጠጥ በየማለዳው ወርዶ ያገኙታል፡፡ በትዝታ ሜጀር ቢጀምሩ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶልና ላ ናቸው፤ ስድስተኛው ላይኛው ዶ ነው፡፡ ሚንና ላን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ሲያደርጉ ትዝታ ማይነር ይሆናል፡፡ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬም የየራሳቸው አወጣጠር አላቸው፡፡ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ መዝፈን አቁሞ መቃኛ ማዞር ግድ ነው፡፡ አሜሪካኖች ፔዳል ስቲል ጊታር የሚሉት፣ በአግድም ተቀምጦ የሚጫወቱት መሣሪያ ይህን በእግር ይሠራዋል፤ ፔዳል ሲረገጥ ወይም በጉልበት ማንሻ ሲገፋ የተወሰኑ ክሮች ብቻ ከፍ ወይም ዝቅ ይላሉ፡፡ ከባቡሩ ሰው ጋር ለክራር ሁለት ክር የሚያረግብ እንዲህ ያለ ማንሻ ስለመሥራት አንድ ሙሉ የጫት ሰዓት ተወያይተናል፡፡ እስካሁን ወሬ ነው፡፡

አባቴ ክራሩን የተቀበለኝ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ነው፡፡ አገላብጦ አየው፤ ስለ ሳህኑ አንድም ቃል አልተናገረም፡፡ መጀመሪያ በድርድር፣ በየጣቱ አንድ አንድ ክር እየነካ ሞከረው፤ ከዚያ ሁሉንም ባንዴ በግርፍ መታው፡፡ ጥቂት ተጫውቶ አቆመና “ሦስተኛው ይሸሻል” አለኝ፡፡ መቃኛውን አውጥቼ ጠመኔ ቀባሁትና መልሼ ሰካሁት፡፡