ደመወዝ፣ ልጅና ቤት፦ የሴቶችን ኢኮኖሚያዊ ዋስትና የሚመለከቱ የኢትዮጵያ ሕጎችና ፖሊሲዎች ዳሰሳ

የሴቶች ኢኮኖሚያዊ ዋስትና ሲባል አንዲት ሴት በራሷ ገቢ፣ በስሟ በተመዘገበ ንብረትና በወሊድ፣ በሕመም ወይም በእርጅና ጊዜ በሚደርስላት ድጋፍ ኑሮዋ ሳይናጋ ለመቀጠል ያላት አቅም ማለት ነው። ይህን አቅም ደመወዝ ብቻ አይወስነውም፤ የእንክብካቤ ሥራ የሚባለው፣ ማለትም ልጅ ማሳደጉ፣ ሕመምተኛ ማስታመሙ፣ አረጋዊ መጦሩና ጓዳውን መምራቱ፣ በማን ላይ እንደወደቀና ዋጋውን ማን እንደሚከፍል ጭምር ይወስነዋል።

በአዲስ አበባ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ከካዛንቺስ ጋር በተያያዘው የባምቢስ አካባቢ፣ የቢሮ ሠራተኞች፣ የሆቴል አስተናጋጆች፣ የጀበና ቡና ሻጮች፣ እንጀራ ጋጋሪዎችና የቤት ሠራተኞች ጎን ለጎን እየሠሩ ያድራሉ፤ ሕጉ ግን ሁሉንም በእኩል ዓይን አያያቸውም። በዚሁ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ገና በ1967 ዓ.ም. የአፍሪካ ሴቶች የሥልጠናና የምርምር ማዕከልን በማቋቋም፣ በአገር ሀብት ሒሳብ ውስጥ የማይገባው የሴቶች ድካም እንዲታይ ከጣሩት ቀዳሚ ተቋማት አንዱ ሆኗል።

ከንብረት አንጻር ለውጡ ጉልህ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አስተዳዳሪ አድርጎ የሾመ ሲሆን፣ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን ሥልጣን አንሥቶ የጋራ ንብረት በሁለቱ ተጋቢዎች እንዲመራ ደንግጓል። በአማራ ክልልም ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በተካሄደው የገጠር መሬት ምዝገባ የባልና የሚስት ስም በአንድ የይዞታ ደብተር ላይ መስፈሩ፣ ሴቲቱ ብትፈታ ወይም ባሏ ቢሞት ከመሬቷ በቀላሉ እንዳትፈናቀል ረድቷል።

በሥራው በኩል፣ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች ከሙሉ ደመወዝ ጋር የወሊድ ፈቃድ የማግኘት መብት እንዳላቸው ካረጋገጠ በኋላ፣ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ቀድሞ በአዋጅ ቁጥር 377/1996 ከወሊድ በኋላ 60 ቀን የነበረውን ፈቃድ ወደ 90 ቀን አሳድጎ፣ ከወሊድ በፊት የሚሰጠውን 30 ቀን አጽንቷል። ለአባት የተሰጠው ግን ሦስት ቀን ብቻ ነው፤ ይህም ሕጉ ራሱ ሕፃኑን የእናት ብቻ ኃላፊነት አድርጎ እንደሚያይ ያሳብቃል። ከዚህ የማይተናነሰው ችግር የፈቃዱን ደመወዝ የሚሸፍነው አሠሪው ብቻ መሆኑ ነው። በብዙ አገሮች ይህ ወጪ አሠሪዎችና ሠራተኞች በጋራ ከሚያዋጡት የማኅበራዊ ዋስትና ፈንድ ስለሚከፈል አሠሪው ወጣት ሴት ከመቅጠር የሚያፈገፍግበት ምክንያት ይቀንሳል፤ በኢትዮጵያ ግን መጀመሪያ በአዋጅ ቁጥር 715/2003 ለግል ድርጅት ሠራተኞች የተዘረጋው የጡረታ ሥርዓት፣ ሠራተኛው 7 ከመቶ፣ አሠሪው 11 ከመቶ የሚያዋጡበት ቢሆንም፣ ወሊድን አይሸፍንም።

እናት ወደ ሥራዋ ስትመለስ ሕፃኑን የሚይዘው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ከሁሉ ይከብዳል። የሕፃናት ማቆያ ያላቸው መሥሪያ ቤቶች ጥቂት በመሆናቸው፣ ጓዳውን የምትሸፍነው ብዙውን ጊዜ ከገጠር በዘመድ ወይም በደላላ የመጣች ወጣት የቤት ሠራተኛ ናት። ይህች ሠራተኛ ግን ከአዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወሰን ውጭ ናት፤ አዋጁ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ለይቶ፣ የሥራ ሁኔታው የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ እንዲወሰን ትቶታል፤ ተመሳሳይ ድንጋጌ በአዋጅ ቁጥር 377/1996ም ነበር። ደንቡ ሥራ ላይ ባለመዋሉም የሥራ ሰዓቷ፣ የዕረፍት ቀኗና የስንብት ክፍያዋ ከስድሳ ዓመት በላይ ባስቆጠሩት የፍትሐ ብሔር ሕጉ ጥቂት አንቀጾችና በአሠሪዋ ደግነት ላይ ይንጠለጠላል፤ የቢሮዋ ሴት በሕግ የተጠበቀ መብት የሚቆመው በዚህች ሕግ ባልጠበቃት ሴት ጉልበት ላይ መሆኑም በዘርፉ ውይይቶች የሚገባውን ያህል አይነሣም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2003 ዓ.ም. ያጸደቀው ስለ ቤት ሠራተኞች ስምምነት፣ ቁጥር 189፣ ለሌሎች ሠራተኞች የተሰጠው ጥበቃ ለእነርሱም እንዲደርስ የሚጠይቅ ነው።

መደበኛ ቅጥር የሌላቸው ሴቶች የሚመለከታቸው ፖሊሲ በአብዛኛው የሴፍቲኔት መርሐ ግብር ሲሆን፣ በገጠር በ1997 ዓ.ም.፣ በከተሞች ደግሞ በ2009 ዓ.ም. ተጀምሮ፣ መሥራት ለሚችሉ ድሆች የማኅበረሰብ ሥራ፣ ለማይችሉት ቀጥተኛ ድጋፍ ይሰጣል። የከተማ ልማት ፖሊሲ በአንጻሩ የሴቶች ጉዳይ ሆኖ አይቆጠርም፤ ነገር ግን በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ፈርሶ ነዋሪዎቹ ወደ ሌሎች አካባቢዎች ሲዛወሩ፣ በጉልት ወይም በእንጀራ ንግድ ለምትተዳደር እናት ደንበኛዋና ልጇን የሚጠብቅላት ጎረቤት በአንድ ጊዜ ይርቋታል፤ ለቤቱ የሚሰጥ ምትክም ይህን ኪሳራ አይተካም። ስለዚህ የመልሶ ማልማት ዕቅድ ሲዘጋጅ የሕፃናት ማቆያና የአነስተኛ ንግድ ቦታ ከቤቱ ጋር አብሮ መታሰብ ይኖርበታል፤ ከሁሉ አስቀድሞ ግን አዋጁ ለቤት ሠራተኞች ቃል የገባው ደንብ ሥራ ላይ ሊውል ይገባል።