የተዳፈነ ሙቀት በዋልካ ውስጥ

በይፋት ቆላ እናቶች ማታ ፍሙን በአመድ ያዳፍኑታል። ሲነጋ አመዱን ገለጥ አድርገው ጭራሮ ጣል ካደረጉበት በኋላ እፍ ሲሉት ይቀጣጠላል። አመዱ ሙቀቱን ይዞ አሳድሮታል። ያ ሙቀት ግን ውሃ የጠገበ ዋልካ ውስጥ ቢቀበርስ? መልሱን የሚያሰላ የአፈር ምህንድስና ዘርፍ አለ።

በዋልካ ደቃቅ ቅንጣቶች መካከል ውሃ አለ። ሲሞቅ ቅንጣቱም ውሃውም ይለጠጣሉ፤ ውሃው ግን በብዙ እጥፍ ይበልጣል። አሸዋ ቢሆን ትርፉ ሾልኮ ይሄድ ነበር። ዋልካ ውሃ በቀላሉ አያሳልፍምና የታፈነው ውሃ ቅንጣቶቹን ወዲያና ወዲህ ይገፋል፣ አፈሩም ጉልበት ያጣል። ውሃው ቀስ በቀስ ሲወጣ ደግሞ አፈሩ ይጠቀጠቃል፤ ከላይ ያለው መሬት ይሰምጣል።

እንግዲህ ሙቀትና ውሃ ይሽቀዳደማሉ። በእርጥብ ሸክላማ አፈር ሙቀት 1 ሜትር ለመዛመት ሦስት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። የውሃው ግፊት ያንኑ 1 ሜትር አልፎ እስኪተነፍስ ግን ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይወስዳል። ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ጊዜው አራት እጥፍ ይሆናል፤ ሦስቱ ሳምንት ለ10 ሜትር ስድስት ዓመት ገደማ ይደርሳል።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ሁለቱ ሯጮች በአንድ ዓይነት ቀመር መመራታቸው ነው። የሙቀቱን ጆሴፍ ፉሪየር እ.ኤ.አ. በ1822 በመጽሐፍ አወጣው። ካርል ቴርዛጊ ኢስታንቡል እያስተማረ፣ ተጭኖበት ከሚጨመቅ ሸክላ የሚወጣውን ውሃ ሲከታተል ያንኑ መልክ አገኘ፤ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1925 ታተመ። ተመራማሪዎቹ ቡከርና ሳቪዱ እ.ኤ.አ. በ1985 ሁለቱን አጋምደው፣ በአንዲት ነጥብ ላይ በተቀበረ ሙቀት ዙሪያ አፈሩ ምን እንደሚሆን በወረቀት ፈቱት። የኑክሌር ዝቃጭ የት ይቀበር የሚለው ጭንቀት ያነሳው ጥያቄ ነበር። የኮምፒውተር ሞዴል ሠሪዎች ዛሬም ፕሮግራማቸውን በእነሱ መልስ ይፈትሹታል።

ከሸዋ ሮቢት በስተደቡብ፣ በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራዎች መካከል፣ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ቅልጥ አለት ከምድር በታች ሰርጎ ገባ፤ በታኅሣሥ ዶፈን እንፋሎትና ጭቃ ተፋ። እዚያም ሕጉ ያው ነው፦ የቅልጡ ውፍረት በእጥፍ ሲጨምር የመቀዝቀዣው ጊዜ አራት እጥፍ ይሆናል።

ለከተማው ኑሮ የሚቀርበው ግን የተቀበረ የኤሌክትሪክ ገመድ ነው። ኃይል ሲያልፍበት ይሞቃል፤ ሙቀቱን የሚቀበለው በዙሪያው ያለው አፈር ብቻ ነው። በክረምት እርጥቡ ዋልካ ሙቀቱን ተቀብሎ ያሳልፍለታል። በበጋ ግን ማሽላው ከታጨደ በኋላ መሬቱ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የገባው አየር ልክ እንደ አመዱ ሙቀቱን ያዳፍነዋል። የደረቀ አፈር ሙቀት የማሳለፍ አቅሙ ከእርጥቡ ከግማሽ በታች ሊወርድ ይችላል። ገመዱ የባሰ ይሞቃል፣ አፈሩን የባሰ ያደርቀዋል፣ የደረቀው አፈርም መልሶ ገመዱን ያግለዋል። ለዚህ ነው ርጥበት በማይለየው አገር የተጻፈ የአፈር ሙቀት የማሳለፍ አቅም ቁጥር ለቆላ ዋልካ እንዳለ መገልበጡ ስህተት ነው ብዬ የማምነው።

ይህን አቅም መለካት ቀላል ነው። ውስጡ ማሞቂያና ቴርሞሜትር ያለው ቀጭን መርፌ አፈር ውስጥ ይሰካል፤ በታወቀ ኃይል ይሞቃል፤ ሙቀቱ በደቂቃዎች ውስጥ በምን ፍጥነት እንደጨመረ ይመዘገባል። በፍጥነት ከጋለ አፈሩ ሙቀት አላሳለፈም ማለት ነው። በአንዱ ማሳ ላይ መርፌውን አንድ ጊዜ በነሐሴ ጭቃ፣ አንድ ጊዜ በግንቦት ስንጥቅ አጠገብ መስካት ነው፤ ገመዱም በግንቦቱ ቁጥር ይመረጣል።