ያለ ሙጫ የሚያያዝ ክር፦ የዳንቴል ፊዚክስ

«ዳንቴል» ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን በኪሮሽ የሚሠራው የጠረጴዛ ወይም የሶፋ ልብስ ነው። ቃሉ የመጣው ከፈረንሳይኛ ሲሆን «ትንንሽ ጥርሶች» እንደማለት ነው። የኪሮሽ ዳንቴል የሚሠራው ባብዛኛው በአንድ ረጅም ክር ነው። አውሮፓ ውስጥ ግን ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የሚታወቅ ሌላ ዓይነት አለ። እሱ ብዙ ክሮችን በአንድ ጊዜ ይዞ፣ ልክ እንደ ሹሩባ እየጎነጎኑ የሚሠራ ነው።

በዚህ ሥራ እያንዳንዱ ክር ጣት በምታህል የእንጨት ዘንግ ላይ ይጠቀለላል። ዘንጓ ቦቢን ትባላለች። ንድፉ የተሳለበት ወረቀት ጠንከር ያለ ትራስ ላይ ይደረግና ክሮቹ በስፒል እየተያዙ ይጎነጎናሉ። ቦቢኖቹ የሚያዙት ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው። መሠረታዊዎቹ እንቅስቃሴዎች ሁለት ብቻ ናቸው፦ የአንዱን ጥንድ ክር በሌላው ጥንድ ክር ላይ ማሻገር፣ እና የራስን ጥንድ እርስ በርሱ ማጠማዘዝ። ሌላው ሁሉ የእነዚህ ድግግሞሽ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ። ሥራው ሲያልቅ ስፒሎቹ በሙሉ ይነቀላሉ። ታዲያ ዳንቴሉን አንድ ላይ የሚይዘው ምንድን ነው?

የኢድሪያ ሴቶች ዘዴ

ስሎቬኒያ ውስጥ ኢድሪያ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ለብዙ መቶ ዓመታት የምትታወቀው በሜርኩሪ ማዕድኗ ነበር። ወንዶቹ ጉድጓድ ወርደው ሲቆፍሩ፣ ሴቶቹ ዳንቴል እየሠሩ የቤቱን ገቢ ይደጉሙ ነበር። በ1876 የዳንቴል ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ዛሬም ያስተምራል። በ2018 ደግሞ ዩኔስኮ የስሎቬኒያን የቦቢን ዳንቴል ሥራ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል።

የኢድሪያ ዳንቴል በጥቂት ጥንድ ቦቢኖች የሚሠራ ጠባብ ጥብጣብ ነው። ጥብጣቡ እንደ ወንዝ እየተጠማዘዘ አበባና ቅጠል ይሠራል። ሲታጠፍ ቀድሞ ከተሠራው ጠርዝ ጋር ይገናኛል። እዚያ ቦታ ካልተያያዘ፣ ስፒሉ ሲነቀል ንድፉ ይፈርስና የሰዓታት ልፋት ገደል ይገባል። ስለዚህ እንዲህ ይደረጋል፦

1. የተሠራው ጠርዝ ላይ ያለው ስፒል ይነቀላል። ስፒሉ የነበረበት ቦታ ላይ ክሩ ትንሽ ቀለበት ሠርቶ ይቀራል።
2. ጫፏ ከ1 ሚሊሜትር የቀጠነች ኪሮሽ በዚያ ቀለበት ውስጥ ትገባለች።
3. ኪሮሿ ከጥንዱ አንዱን ክር ይዛ ትመለሳለች። ክሩ ታጥፎ ስለሚወጣ አዲስ ቀለበት ይሠራል።
4. የጥንዱ ሁለተኛ ቦቢን በአዲሱ ቀለበት ውስጥ ያልፋል። ከዚያ ሁለቱም ክሮች ቀስ ተብለው ይሳባሉ።

አለቀ! ጥንዱ ጠርዙን አቅፎ ይዟል፤ ሥራውም ይቀጥላል። ኪሮሿ የማትገባበት ጠባብ ቦታ ከሆነስ? መርፌ ላይ የታጠፈ ክር ተሰክቶ መጀመሪያ እሱ ይገባል፤ ዋናውን ክር ጎትቶ የሚያወጣው እሱ ነው።

ለምን አይላቀቅም?

መልሱ ሰበቃ ነው። ባዘቶ አስቡ፤ በሁለት ጣት ሳብ ስታደርጉት በቀላሉ ይለያያል። ያው ጥጥ በእንዝርት ከርሮ ፈትል ሲሆን ግን ለመበጠስ ጉልበት ይጠይቃል። የተጨመረ ነገር የለም። ማክረሩ የጥጡን ጭረቶች እርስ በርስ ስለሚያጣብቃቸው ሰበቃው ጨመረ እንጂ።

ክር በሌላ ነገር ላይ ሲጠመጠምም ሰበቃው በሚያስገርም ፍጥነት ያድጋል። ይህን ሊዮንሃርድ ኦይለር በ18ኛው ክፍለ ዘመን በሒሳብ አሳይቷል። የሰበቃው መጠን (ኮኤፊሸንት) 0.3 ነው እንበል። አንድ ዙር የተጠመጠመ ክር፣ በአንዱ ጫፍ ያለው ትንሽ ኃይል በሌላው ጫፍ 6.6 እጥፍ የሚሆን ኃይል እንዲይዝ ያስችለዋል። ሁለት ዙር ሲሆን 43 እጥፍ ገደማ፣ ሦስት ዙር ሲሆን 285 እጥፍ ገደማ! ዙሩ ሲደመር እጥፉ ይባዛል ማለት ነው።

ራሳችሁ ሞክሩት። በክር አንድ ጫፍ ላይ ቁልፎች፣ በሌላው ላይ ላጲስ እሰሩ። ክሩን በአግድም በያዛችሁት እርሳስ ላይ እንዲሁ ጣል ብታደርጉት ቁልፎቹ ላጲሱን ጎትተው ይወርዳሉ። ሁለት ሦስት ጊዜ ጠምጥሙትና ደግማችሁ ልቀቁ። ትንሿ ላጲስ ቁልፎቹን ይዛ ትቀራለች። ዳንቴል ውስጥ ደግሞ እያንዳንዱ ክር በሌሎች ክሮች ላይ የሚጠመዘዝበት ቦታ በመቶዎች ይቆጠራል።

ክር ሲያልቅ ወይም ሲበጠስስ?

ቀላሉ መንገድ መቋጠር ይመስላል። ግን ቋጠሮ ያብጣል፤ ስስ ዳንቴል ላይ ደግሞ ወዲያው ይታያል። በዚያ ላይ ቋጠሮ ውስጥ ክሩ በኃይል ስለሚታጠፍ፣ ሲሳብ ብዙውን ጊዜ የሚበጠሰው እዚያው አጠገብ ነው። ስለዚህ ሠሪዎቹ አዲሱን ክር ከአሮጌው ጎን ያስተኙና ሁለቱን እንደ አንድ ክር ቆጥረው ጥቂት መስመር ይሠራሉ። አዲሱ በደንብ ሲያዝ የአሮጌው ትርፍ ይቆረጣል። መጋጠሚያውን የሚይዘው አሁንም ሰበቃው ነው።

መቋጠር ግድ ሲሆን የሸማኔ ቋጠሮ የሚባለው ይመረጣል፤ ትንሽና ጠፍጣፋ ነውና። የአንዱን ክር ጫፍ እጠፉት። ሌላውን ክር ከሥር በእጥፋቱ ውስጥ አውጡት፤ ከዚያ በሁለቱ እግሮች ጀርባ አዙራችሁ በራሱ ሥር አሳልፉት። ሲሳብ አንዱ ሌላውን ይጫነዋል። መርከበኞች ወፍራም ገመድን ከቀጭን ጋር የሚያያይዙት በዚሁ ቅርጽ ነው። መጀመሪያ በጫማ ክር ተለማመዱት፤ ከተሳካላችሁ ወደ መርፌ ክር ውረዱ።