የናፍጣ መኪና ጥቁር ጭስ ሲያወጣ፡ ፖምፓው ከመነካቱ በፊት አየሩ ይፈተሽ

ከምሥራቅ ጉራጌ ዞን ቡኢ ከተማ ተነሥቶ በጢያና በመልካ ቁንጥሬ በኩል ወደ አዲስ አበባ በሚዘልቀው መንገድ፣ እህልና አትክልት ጭነው ከሚመላለሱት የናፍጣ መኪኖች መካከል ተርቦ የተገጠመላቸው አሉ። አንድ ባለ ተርቦ መኪና ዳገት ላይ ጉልበት ሲያንሰውና ጥቁር ጭስ ሲያወጣ፣ የፖምፓውን ብሎን አዙሮ ናፍጣ መጨመር ፈጣን መፍትሔ መስሎ ይታያል። ይሁንና ጥቁር ጭስ የሚያሳየው ናፍጣው ማነሱን ሳይሆን ከአየሩ መብለጡን ነው።

አንድ ኪሎ ግራም ናፍጣ ሙሉ በሙሉ እንዲቃጠል 14 ኪሎ ግራም ተኩል ያህል አየር ያስፈልገዋል። ናፍጣው በሲሊንደሩ ውስጥ ከአየር ጋር የሚዋሐድበት ጊዜ እጅግ አጭር በመሆኑ፣ ሞተሩ ከዚህም የበለጠ አየር ማግኘት አለበት። አየሩ ሲጎድል ያልተቃጠለው ካርቦን ጥላሸት ሆኖ ይወጣል፤ በገንዘብ የተገዛው ናፍጣም ጭነት ሳይጎትት ይባክናል።

ቡኢ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ተርቦ ጉድለቱን ለማካካስ ይረዳል፦ ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጭስ አንዱን መዘውር ሲያሽከረክር፣ ከእርሱ ጋር የተያያዘው ሌላው መዘውር አየር ጨምቆ ወደ ሲሊንደሮቹ ይልካል። ሱፐርቻርጀር የሚባለው መሣሪያም ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፤ ጉልበት የሚያገኘው ግን ከጭስ ሳይሆን በቺንጋ አማካይነት ከሞተሩ ነው።

በሁለቱም ዘንድ ነዳጁ የአየሩን መጠን መከተል አለበት። ቆየት ባሉ ባለ ተርቦ የናፍጣ ሞተሮች፣ ፖምፓው ላይ ያለ ስስ ሽፋን የአየሩን ግፊት በቀጭን ቱቦ ተቀብሎ፣ ግፊቱ ሲጨምር ናፍጣው እንዲጨምር ያደርጋል። በአዳዲሶቹ ሞተሮች ይህን ሥራ የሚሠሩት ሴንሰሮችና ኮምፒውተር ናቸው። ያለ መለኪያ ብሎን ማዞር ይህን ሚዛን ያፈርሳል። ትርፉ ናፍጣ የጭሱን ሙቀት ከፍ ስለሚያደርግ ተርቦውና ፒስተኑ ይጎዳሉ፤ ጥላሸቱም የሞተሩን ዘይት ያበላሻል።

በቤንዚን ሞተር ዋናው አደጋ ተቃራኒው ነው። የተጨመቀው አየር በቂ ቤንዚን ካላገኘ ሙቀቱ ያይላል፤ ድብልቁ ከሥርዓት ውጭ እየፈነዳ ፒስተኑን እስከ መብሳት ሊደርስ ይችላል።

ስለዚህ ምርመራው ከአየር መጀመር ይኖርበታል። በቅድሚያ የአየር ፊልትሮው በአቧራ መደፈኑ ይታያል። ቀጥሎ ከተርቦው ወደ ሞተሩ የሚሄዱት ጎማዎች መሰንጠቃቸውና ማሰሪያዎቻቸው መላላታቸው፣ ከዚያም ወደ ፖምፓው የሚገባው ቀጭን ቱቦ መተንፈሱ ይፈተሻል። ተርቦው ራሱ የሚመረመረው ከዚህ በኋላ ነው። እነዚህ ደኅና ከሆኑ ኖዝሎቹና ፖምፓው ተፈትተው በመፈተሻ ማሽን ይለካሉ። የጭሱ ቀለምም ፍንጭ ይሰጣል፤ ሰማያዊ ጭስ የሞተር ዘይት መቃጠሉን፣ ነጭ ጭስ ደግሞ ያልተቃጠለ ናፍጣ ወይም ውኃ መኖሩን ሊያመለክት ይችላል።

ጉዳዩ የባለ መኪናው ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የናፍጣ ጭስ ለካንሰር እንደሚያጋልጥ እ.ኤ.አ. በ2012 አረጋግጧል። በመንገድ ዳር የሚነግዱና የሚኖሩ ሰዎች ይህንኑ ጭስ ይተነፍሳሉ። ፊልትሮን በወቅቱ ማጽዳትና መቀየር የናፍጣ ወጪን ከመቀነሱም በላይ ለእነርሱም ጤና ይበጃል።