ሳማ ምግብም ነው

ሳማን የማያውቅ የደጋ ልጅ የለም። በአጥር ሥርና በጓሮ ይበቅላል። በሳይንስ ስሙ ኡርቲካ ሲሜንሲስ ይባላል፤ ስሙ የተወሰደው ከሰሜን ተራሮች ነው።

ሳማ ለምን ያቃጥላል? ቅጠሉና ግንዱ ላይ እንደ መርፌ የቀጠኑ ፀጉሮች አሉ። ሲነኩት ፀጉሮቹ ይሰበሩና የሚያቃጥል ፈሳሽ ቆዳ ውስጥ ያስገባሉ። ሲቀቀል ግን ማቃጠሉ ይቀራል።

በክረምት አዲሱ እህል ሳይደርስ ጎተራው ይራቆታል። ሳማ የሚለመልመው ያኔ ነው። ለጋው ቅጠል በጨርቅ ወይም በእንጨት መቆንጠጫ ተይዞ ይለቀማል። ያበበውና የጠነከረው ይተዋል። ቅጠሉ ታጥቦ እስኪላም ድረስ ይቀቀላል። ከዚያ የገብስ ወይም የባቄላ ዱቄት፣ ነጭ ሽንኩርትና ጨው ተጨምሮበት ይማሰላል። በእንጀራ ሲበሉት ይጣፍጣል።

የሳማ ቅጠል ብረትና ካልሲየም አለው። ብረት ለደም፣ ካልሲየም ለአጥንት ይጠቅማል። በባህል ሕክምናም ጨጓራውን የሚያመው ሰው ይበላዋል። ሆኖም «ሳማ በልቻለሁ» ብሎ ከጤና ጣቢያ መቅረት አይገባም። ሕመሙ ከጠና ቶሎ መታየት ያስፈልጋል።

አንዳንዶች «የድሃ ምግብ ነው» እያሉ ሳማን ይንቁታል። ያፍሩበታልም። የሚያሳፍረው ግን ሳማ መብላት አይደለም፤ ጓሮ ውስጥ ምግብ እያለ ልጅ ተርቦ ማደሩ ነው።